የተሰበሩትን ጥርሶች አትጣያቸው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ የኖራ ድንጋይ ካባ ላይ ከተቀጠርሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆነሽ። ዲዛይን እሠራለሁ ብለሽ ነበር፤ ውሎሽ ግን የተሰበረ የመሰርሰሪያ ቢት (ድንጋዩን የሚበሳውን ባለ ጥርስ ጫፍ) መቀየር ሆነ። «ልልቀቅ ወይ?» ብለሻል።

አሁን አትልቀቂ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው አንድ መስመር ላይ ነው፦ «የሚገርመው፣ አዲስ የሚመስለው ጥርስ ነው ቀድሞ የሚሰበረው።» አለቃሽ ሻጩን ይራገማል። አንቺ ግን ዋናውን ነገር አይተሻል።

የቢቱ ጥርሶች ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል ቁስ የተሠሩ ናቸው፤ ማያያዣቸው ኮባልት የሚባል ሜታል ነው። እጅግ ጠጣር ናቸው፣ መታጠፍ ግን አያውቁም። የመሰርሰሪያው መዶሻ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይመታቸዋል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅም በምት በምቱ ቅንጣት ታህል ይገፋል። ሲኒን አስቢ። ከረከቦቱ ጋር ስትጋጭ ከርማ አንድ ቀን እጅሽ ላይ ለሁለት ትከፈላለች። ያቺ የመጨረሻዋ ግጭት ከሌሎቹ የባሰች ሆና አይደለም።

አሸዋማ ድንጋይ ጥርሱን ሲበላው ጀማሪውን ስንጥቅም አብሮ ይፍቀዋል። የኖራ ድንጋይ ግን ብዙም አይበላውም። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። በአጉሊ መነጽር ብታዪው የእባብ ቆዳ የመሰለ መረብ ታገኛለሽ፤ በሙያውም የሚጠራው በእባብ ቆዳ ነው። መድኃኒቱ ጥርሱ ባይበላም በየጊዜው ሞርዶ ላዩን ማንሳት ነው። ኮባልቱ ከፍ ያለ ቢት ማዘዝም ይቻላል፤ ስብራትን የመቋቋም አቅሙ (ተፍነሱ) ይጨምራል፣ ጥጥርነቱ (ሃርድነሱ) ይቀንሳል።

ስለዚህ ሦስት ወር ስጪው። እያንዳንዱ ቢት ስንት ሜትር ቆፈረ? መቼ ተሞረደ? ከየት ተሰበረ? ጻፊ፣ ፎቶ አንሺ። ግማሾቹን ቶሎ ቶሎ አስሞርጂ፣ ሌሎቹን እንደ ልማዱ ተያቸውና አወዳድሪ። አለቃሽን «ጥናት ልሥራ» እንዳትዪው፤ «የቢት ወጪ ልቀንስ» በዪው። እኔ ጥገና ክፍል ሳለሁ አንድ ጆንያ ስባሪ ለቁራሌው ሰጥቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህን ይዘሽ የማዕድን ቁፋሮም ሆነ የሲሚንቶ ፋብሪካ ኢንተርቪው ብትገቢ የምታወሪው አታጪም። ማስተርስ ካማረሽ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም ጅማም የማቴሪያል ምህንድስና ክፍል አላቸው።

ሦስት ወር ሞልቶ አለቃሽ ቁጥሩን ለማየት እንኳ ካልፈለገ፣ ያኔ ልቀቂ።