«ፈንድ የለም» ለተባለችው ሲስተር፦ የኤአርቲ ሥልጠና ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር?

ሲስተር፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ትናንት ማታ ተረኛ ሆኜ ነው። በሁለት መስመር ልመልስልሽ ጀምሬ ረዘመብኝ፣ ይቅርታ። ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄሽን ልድገመው። ከጅማ ከተማ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ ኤአርቲ ክፍል (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ተመድበሻል። የቀድሞዋ ነርስ ቁልፉንና ሬጅስተሩን አስረክባሽ ለቅቃለች። ሥልጠናውን አልወሰድሽም። ወረዳ ስትጠይቂ «ፈንድ የለም» አሉሽ። ለዚህ ሥልጠና መንግሥት በጀት አይመድብም ወይ? ድሮስ ማን ነበር የሚከፍለው? አሁን ምን ላድርግ? ነው ያልሽው።

እኔ መጀመሪያ የሠለጠንኩት በ1999 ዓ.ም ነው። መድኃኒቱ በአገራችን በ1995 ዓ.ም በክፍያ ጀመረ፣ በነፃ መሰጠት የጀመረው ደግሞ ጥር 1997 ላይ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል ብቻ ነበር፣ የሚያዘውም ሐኪም ብቻ። ሰዉ ሲበዛ ሐኪም አልበቃ አለ። ስለዚህ ሥራው ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ ለነርስና ለጤና መኮንን ተሰጠ። እኛን ለማሠልጠን ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው።

ገንዘቡ በብዛት የአሜሪካ መንግሥት ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2003 ፔፕፋር የተባለውን የአሜሪካ የኤድስ እርዳታ ሲጀምሩ ለአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ነበር የታሰበው። ትኩረት ከተሰጣቸው 15 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ2008 ሕጉ ሲታደስ በሁሉም አገሮች ቢያንስ 140 ሺህ አዲስ የጤና ባለሙያ እንዲሠለጥን ግብ ተቀመጠ። ብዙ አገሮች ለኤድስ፣ ለቲቢና ለወባ የሚያዋጡበት ግሎባል ፈንድም በጎን ነበር። ገንዘቡ በቀጥታ ለወረዳ አይመጣም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ክልሎቹን ተከፋፍለው ነበር፣ ኦሮሚያ የደረሰው አይካፕ ለሚባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ማዕከል ነው። በዚያን ጊዜ እዚህ ጅማ የሠራ ሰው አይካፕ የሚለውን ስም እንደ መሥሪያ ቤት ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው የሚያውቀው። በኋላ ላይ ገንዘቡ ቀስ በቀስ በክልል ጤና ቢሮ በኩል ማለፍ ጀመረ። ምንጩ ግን ያው ነበር።

ታዲያ መንግሥት ምንም አልከፈለም? ከፍሏል። ደሞዛችንን ይከፍላል፣ ሥልጠና ላይ የምንቀመጥበትን ቀን ጨምሮ። ቤቱ የሱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን እሱ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ገና ሳይመረቁ በቡድን አደራጅቶ ጤና ጣቢያ የሚልክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በየመንደሩ የሚዞሩትን ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች መቼም ሳታያቸው አልቀረሽም። እሱም ሥልጠና ነው፣ በመንግሥት በጀት። ከውጭ ይመጣ የነበረው የአዳራሹ፣ የአበሉ፣ የአሠልጣኙና የወረቀቱ ወጪ ነው። ወረዳው «ፈንድ የለም» ሲልሽ እያለ ያለው «አበል የለም» ነው። ሁለቱን ለይተሽ ያዢልኝ።

የኔ ሥልጠና ሁለት ሳምንት ሆቴል ውስጥ ነበር። ቦርሳ፣ እስክሪብቶ፣ ወፍራም ማኑዋል፣ ሻይ በብስኩት። ፕሪ ቴስት ወደቅኩ፣ ፖስት ቴስት ከ90 በላይ አመጣሁ። ሰርተፍኬቴን ይዤ ኮራ ብዬ ተመለስኩ። በሳምንቱ ያደረግኩትን ልንገርሽ።

ያኔ ዋናው መድኃኒት ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን በአንድ የተጣመረበት ነበር። ኔቪራፒን ለመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ጠዋት ሦስቱ ያለበትን፣ ማታ ኔቪራፒን የሌለበትን ትሰጫለሽ። ይህን ፈተና ላይ በትክክል መልሻለሁ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ ውጭ አሥራ ምናምን ሰው ተሰልፎ፣ ለአንዲት እናት ጠዋትም ማታም ሦስቱን አንድ ላይ ሰጥቼ ላክኋት። በአሥረኛው ቀን ሰውነቷ ሁሉ ሽፍታ ወጥቶባት መጣች። ጉበቷ ተርፏል፣ እሷም አለች፣ ተመስገን። ስህተቱን ከካርዱ ላይ ያገኘው በወር አንዴ እየመጣ የሚያየን ሜንተር ነበር። አልጮኸብኝም። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና በዚያ ቀን የመጡትን ሁሉ አብረን አየን። ካርድ በካርድ። ኤአርቲ የተማርኩት በዚያ ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ሌላው ያልረሳሁት ትምህርት የመጣው ከሐኪም አይደለም። ያኔ ሥልጠናው ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በአሠልጣኝነት ይመጡ ነበር። ታካሚ ሆነው ፊትሽ ይቀመጣሉ፣ ትመክሪያቸዋለሽ፣ ከዚያ ማርክ ይሰጡሻል። አንዷ የጅማ ሴት «በረመዳን ምን ትለኛለህ?» አለችኝ በኦሮምኛ። መድኃኒቱ በየ12 ሰዓቱ ነው። ማኑዋሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ረመዳን አንድ መስመር የለውም። ዝም አልኩ። እሷ ራሷ አስረዳችኝ፦ አንዱን በአፍጥር ሰዓት፣ አንዱን ሱሁር ላይ። ልክ 12 ሰዓት ባይሆንም መድኃኒት ከማቋረጥ በስንት ጣዕሙ። ከማርኩ ላይ ግን ቀነሰችብኝ፣ ልክ ነበረች። አሁን የሚሰጠው መድኃኒት፣ ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንዴ ስለሆነ ይህ ችግር ቀሏል። የቡናው ግን አልቀለለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወደ ጎማና ሊሙ አካባቢ ለቡና ለቀማ የሚሄደው ሰው ቀጠሮው እዚያ ላይ ካረፈ ይጠፋብሻል። ከመስከረም ጀምሮ «ለቀማ ትሄዳለህ?» ብለሽ ጠይቂ። ቫይረሱ በደንብ የታፈነለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት ሊወስድ ይችላል።

አሁን ስለ ገንዘቡ የማይወራውን ልናገር። ብዙው የሥልጠና ገንዘብ ሰውን ሳይሆን ሆቴልን ነው ያጠገበው። ደብዳቤው የሚመጣው ግንቦትና ሰኔ ነው፣ በጀት ሳይዘጋ ለመጨረስ። ጅማ ላይ ዝናቡ በሚወርድበት ሰሞን ክፍሉን ዘግተን እንሰበሰባለን፣ ታካሚው በጭቃ መጥቶ በር ይቆለፍበታል። የሚላከውም ሁልጊዜ የሚሠራው ሰው አይደለም። አበል በተራ ይዳረሳል። ኤአርቲ ክፍል ረግጦ የማያውቅ ሰው ሦስት ሰርተፍኬት ሲኖረው፣ ካርድ የምትሞላዋ ልጅ አንድም የላትም። ይህን የምለው ሰው ለመውቀስ አይደለም። በኛ ደሞዝ አሥር ቀን አበል የቤት ኪራይ ነው፣ እኔም ወስጃለሁ። የሠለጠነውም አይቆይም። ይዛወራል፣ ድርጅት ይገባል፣ ለትምህርት ይሄዳል። ያንቺ ክፍል የቀድሞ ነርስ ስትወጣ የሠለጠነችበት ገንዘብም አብሯት ነው የወጣው።

በዚያ ላይ የአንድ ጊዜ ሥልጠና አይበቃም። እኔ ስጀምር ሲዲፎር (የበሽታ መከላከያ ሴሎች ቁጥር) ከ200 ሲወርድ ነበር መድኃኒት የሚጀመረው። ከዚያ 350 ሆነ፣ ከዚያ 500፣ ከዚያ ቁጥሩ ቀርቶ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር ተባለ። ነፍሰ ጡሮች ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ ሲዲፎር ሳይጠበቅ ዕድሜ ልክ ይጀምራሉ። መድኃኒቱ ራሱ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። የ1999 ሰርተፍኬቴ ግድግዳ ላይ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን አብዛኛው ጊዜው አልፎበታል።

ወደ 2017 ዓ.ም እንምጣ። ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት፣ የአሜሪካ አዲሱ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን አቆመ። በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። እኛ ጋ ዳታ ክለርኳም አድኸረንስ ሰፖርተሩም ሄዱ። የጠፋ ታካሚ ቤት ድረስ ሄዶ የሚፈልገው እሱ ነበር። ቀጠሮ ያሳለፉትን የሚያወጣው ኮምፒውተር ሁለት ወር አቧራ ለበሰ። ሥልጠናውማ ቀድሞ ነው የቆመው። ስለዚህ ወረዳዎቹ አልዋሹሽም። ግን «ፈንድ የለም» ብሎ ቁጭ ማለትም መልስ አይደለም።

አንዳንዴ የሚገርመኝ አሜሪካኖቹ ለራሳቸው አገር ያደረጉት ነው። ለጤና ባለሙያ የኤድስ ሥልጠና የሚሰጡ ማዕከላትን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በመንግሥት በጀት አቋቁመዋል። በ1990 በወጣውና ራያን ዋይት በተባለ ልጅ ስም በተጠራው ሕግ ሥር ናቸው። ለኤችአይቪ ሥልጠና በሕግ የተያዘ መስመር ማለት ነው። ግራ የገባው ሐኪም ደውሎ የሚጠይቅበት የስልክ መስመርም አላቸው። እኛም ነበረን። ለሕዝቡ «ወገን» የሚባለው 952፣ ለባለሙያው ደግሞ «ፍቱን» የሚባል። እኔ ፍቱን ላይ ደውዬ የልጅ ዶዝ ጠይቄ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ሆቴል ከመቀመጥ ያ ጥሪ ይረክሳል፣ ትምህርቱም አይረሳም።

አንቺ አሁን ምን ታድርጊ? አዳራሹን አትጠብቂ። ኃላፊሽን ለአንድ ሳምንት ልምምድ የሚሆን ደብዳቤ ጠይቂ። ጅማ ከተማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል አለ፣ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ፣ ብዙ ታካሚ ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። የሚጠይቀው ሚኒባስና ባጃጅ ነው። ለዚህ ወረዳ ፈንድ አያስፈልገውም። ጤና ጣቢያችሁ የውስጥ ገቢ አለው፣ ምን ላይ እንደሚውል ቦርዱ ይወስናል። እኛ አንዴ ለትራንስፖርት ብቻ ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ምስጢሩ «ሥልጠና ይሰጠን» አለማለት ነው። «አንድ ነርስ፣ አምስት ቀን፣ ይህን ያህል ብር፣ ክፍሉን እገሌ ይሸፍናል» በይ። ቁጥር ሲያዩ እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ለከርሞው ደግሞ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ሰኔ ሳይደርስ፣ በጽሑፍ አስገቢ። ቃል ሰኔ ላይ ይረሳል። ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ያለው ሥልጠና ከተገኘም ተመዝገቢ፣ ለፈቃድ እድሳት ይጠቅምሻል።

እስከዚያው ብሔራዊ መመሪያውን ስልክሽ ላይ ጫኚ። ሁሉንም አታንብቢ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል። መጀመሪያ መድኃኒት ማስጀመርን፣ ቫይራል ሎድን (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን)፣ ቲቢን አንብቢ። ሁለት ነገር ግን ዛሬውኑ ጻፊና ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊ። የቲቢ መድኃኒት፣ ሪፋምፒሲን ያለበትን፣ የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም በቀን አንዴ አይበቃውም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 50 ሚሊግራም ይጨመርለታል። ነፍሰ ጡሯ አይረን ስትወስድ ከዶሉቴግራቪር ጋር በባዶ ሆድ አትዋጠው፣ ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር፣ ወይ መድኃኒቱን ሁለት ሰዓት ቀድማ። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይሳታሉ። ሕፃን ልጅ፣ ኩላሊት የታመመ፣ በጣም የከሳና ራስ ምታት ያለበት፣ ቫይራል ሎዱ ከ1,000 በላይ የመጣ ሰው ካለ ብቻሽን አትወስኚ። ደውለሽ ጠይቂ ወይም ላኪ። መጠየቅ አያሳፍርም። እኔን ወንድ ነርስ ስለሆንኩ ታካሚዎቼ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ፣ ዛሬም ድረስ እደውላለሁ።

ሬጅስተሩን ስትከፍቺ በመጀመሪያ ቀጠሮ ያሳለፉትን ቁጠሪ። የቀድሞዋ ነርስ ከሄደች ወዲህ ያልመጡ ይኖራሉ። የሚደውልላቸው እንደሌለ አስቢ፣ አድኸረንስ ሰፖርተርሽም ሄዷል መሰለኝ። ከነሱ ጀምሪ። አዲስ ማስጀመር አንድ ሳምንት ቢቆይ ሪፈር ታደርጊያለሽ፣ የጠፋው ግን መድኃኒት አልቆበታል።

ደብዳቤው ከተጻፈልሽ በውስጥ መስመር ንገሪኝ። እኔ ያለሁበት ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ሰው ይበዛል፣ በእነዚያ ቀናት ብትመጪ ብዙ ታያለሽ። ያስቸገሩሽን አምስት ካርዶች ዝርዝር በወረቀት ገልብጠሽ አምጪ። ስማቸውንና ቁጥራቸውን አትጻፊ። ወንበር አለ።