ታይምሼሩን ገና እንዳትነኪው

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን አሁን አየሁት። አባትሽ አሜሪካ አርፈው የኑዛዜ አስፈጻሚ አድርገውሻል፤ ኦርላንዶ ላለው ታይምሼር (ብዙ ሰው ገዝቶ በየተራ የሚያርፍበት የእረፍት ቤት) ደግሞ ኩባንያው የዓመት ክፍያ አምጪ እያለሽ ነው። እኔም ሱሉልታ ቁጭ ብዬ ከአጎቴ በወረስኩት ታይምሼር ሁለት ዓመት ታግያለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዓመት አንዲት ሳምንት ለማረፍ ብለው የገዙት ነው።

1. ከኪስሽ አምስት ሳንቲም አትክፈይ። ዕዳው የሟች ነው፤ የሚከፈል ካለም ከውርሱ ገንዘብ ነው። ለእኔ ይህን ማን ነግሮኝ! ደብዳቤው ላይ ቀይ ጽሑፍ ሳይ ደነገጥኩ። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ 1,140 ዶላር ከፈለችልኝ፤ ለጊዜው አፋቸውን እንዝጋ ብለን። በኋላ ድርሻዬን አልፈልግም ስል "ከፍለሃል፣ ስለዚህ ተቀብለሃል" አሉኝ። የልጅቷ ዕዳ እስካሁን አለብኝ።

2. ወራሽም ከሆንሽ እምቢታሽ በጽሑፍ ይሁን። በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ ሟች ካረፈ በ9 ወር ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ያውም ከንብረቱ ምንም ሳትጠቀሚ። የስቴቱን ደንብ እዚያው ያለ ጠበቃ ጠይቂ። ደግሞ አንድ ጉድ አለ። እምቢ ስትዪ ሕጉ ከሟች ቀድመሽ እንደሞትሽ ነው የሚቆጥርሽ፤ ድርሻሽ ወደ ቀጣዩ ወራሽ ያልፋል። ታላቅ ወንድሜ ፈርሞ ተገላገልኩ ብሎ ጠላውን ሲጠጣ፣ ደብዳቤው በ19 ዓመት ልጁ ስም መጣ! እንግዲህ ልጁንም አስፈረምነው።

3. ስልክ። እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ ሲከፈት እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ እዚያ ብርድ በሆነበት ወራት ደግሞ 11። ቤቴ ኔትወርክ ስለማይዝ ጋቢዬን ደርቤ ሰፈር ካለችው ሱቅ አጠገብ እቆማለሁ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። በመጨረሻ የተነሳችው ልጅ "ባለቤቱን አገናኘኝ" አለችኝ። የአጎቴን የሞት የምስክር ወረቀት ሦስት ጊዜ ልኬላቸዋለሁ እኮ! "አንቺ ካገኘሻቸው እኔንም አገናኚኝ" አልኳት። ዘጋችብኝ።

ከታይምሼሩ እናወጣሃለን ብለው የደወሉልኝም ነበሩ፤ ገንዘቡን ግን አስቀድመህ ላክ ይላሉ። እንዲህ ያለውን ስልክ እዚያው ዝጊው። እኔን ያወጣኝ ኩባንያውን ራሱን "መልሳችሁ ትወስዳላችሁ ወይ?" ብዬ መጠየቄ ነው። ብድር ካልቀረበት አንዳንዶቹ ይወስዳሉ። ይህን የነገረኝ አንድም ሰው የለም፤ አምስተኛው ስልክ ላይ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት። የመመለሻውን ወረቀት አሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዤ ፈረምኩ፤ አንዱ ማኅተም 50 ዶላር ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይፈለግብዎትም" የምትለዋን ደብዳቤ ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቅያታለሁ። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ "ዲግሪው ናት" ትላለች።