ሮቦቱ ስክሪን ላይ ቢሆንስ?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባቸው አሳጥሬ ልድገመው። 11ኛ ክፍል ነሽ። ቡድናችሁ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ ዘንድሮ የገባው ኦንላይን በሚካሄድ ውድድር ነው። ሮቦቱም ሜዳውም ስክሪን ላይ ነው፤ አብዛኛውን ኮድ የምትጽፊው ደግሞ አንቺ ነሽ። አባትሽ «ጌም ነው፣ ተዪውና አጥኚ» ይሉሻል። ሌላ ቡድን በአካል ወደሚደረግ ውድድር ነይ ብሎሻል፤ ግን የመመዝገቢያውንና የጉዞውን ወጪ ለመሸፈን ቤተሰብ መበደር አለበት። ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ልግባ ወይስ ሶፍትዌር፣ ሰርተፍኬቱንስ ምን ላድርገው፣ ኮዱንስ ኮድ የሚጋሩበት ድረ ገጽ ጊትሀብ ላይ ላውጣው ብለሽም ጠይቀሻል። ከዚያ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን እንዲህ ብለሻል፦ «እውነተኛ ሮቦት ሳልነካ ሲቪዬ ላይ ሮቦቲክስ ብዬ ብጽፍ ማጭበርበር አይሆንብኝም?»

አይሆንም! ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን በአጭር በአጭሩ እመልሳለሁ፤ ይቺን ግን በዋዛ አላልፋትም።

«ቨርቹዋል ከሆነ የውሸት ነው» የሚለው ወሬ ያናድደኛል። ሮቦካፕ የሚባለው የሮቦቶች እግር ኳስ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚጫወቱ ቡድኖች ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ የራሳቸው ምድብ ነበራቸው። የኮሮና ወረርሽኝ የፈጠረው ነገር አይደለም ማለት ነው። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ፣ ሮቦቶች ዋሻና የምድር ውስጥ ቦታ እንዲያስሱ ያዘጋጀው ውድድርም እንደዚሁ ሁለት ዘርፍ ነበረው፤ አንዱ በአካል፣ አንዱ በሲሙሌሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ባለ አምሳያ። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጨረሻው ዙር በሲሙሌሽኑ ዘርፍ አንደኛ የወጣው ቡድን 750,000 ዶላር ተሸልሟል። ለጌም እንዲህ የሚከፍል የመከላከያ ምርምር ተቋም እስካሁን አላየሁም።

ለአንቺ የሚቀርበው ግን ዜሮ ሮቦቲክስ ነው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያለበት የተማሪዎች ውድድር ነው። ተማሪዎቹ ኮዳቸውን የሚጽፉትና የሚፈትኑት ኦንላይን ሲሙሌተር ላይ ነበር። ለፍጻሜ የደረሱት ቡድኖች ኮድ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በነበሩ፣ ስፌርስ በሚባሉ ኳስ የሚያክሉ ሮቦቶች ላይ ተጭኖ ጠፈርተኞች ያስኬዱት ነበር። ሮቦቱን ከተማሪዎቹ አንድም የነካው የለም። እነሱ አጭበርብረዋል የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት የፋብሪካ ማሽኖችን የሚያዝ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። እዚያ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚሞከረው ኮምፒውተር ላይ ባለ የማሽኑ አምሳያ ነው፤ ስህተቱ የወጣው እውነተኛው ማሽን ላይ ከሆነ የሚሰበረው ብረት ወይም የሰው እጅ ነውና። ሚዛኔ ወዴት እንደሚያደላ አውቀሽ ስሚኝ።

አሁን ወደ መራራው ክፍል። ሲሙሌተር ይዋሻል። ለግራና ለቀኝ ሞተር እኩል ኃይል ስጫቸው፤ ስክሪን ላይ ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሬት ላይ ግን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ምክንያቱም ሁለት ሞተሮች መቼም ፍጹም አንድ አይሆኑም። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ያው ትዕዛዝ የሚያስጉዘው ርቀት ያጥራል። ጎማ ይንሸራተታል፣ ዙሪያውን የሚያነበው ሴንሰር ይዘባርቃል፣ ሽቦ ይላላል። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ ነገሩ የገባው ሰው ካጋጠመሽ ስለ ደረጃችሁ ብዙም አይጠይቅሽም። «እውነተኛ ሮቦት ላይ እንደሚሠራ በምን አወቅሽ?» ነው የሚልሽ። ሲቪሽ ላይ ያለውን መስመር እውነት የሚያደርገው ለዚህ ጥያቄ ያለሽ መልስ ነው።

መልሱን ከአሁኑ አዘጋጂ። ኮድሽን ምቹ በሆነው ሜዳ ላይ አንዴ አስኬደሽ ሠራ ብለሽ አትተዪው። የሴንሰሩ ንባብ ላይ ሆን ብለሽ ስህተት ጨምሪበት። የወለሉን ሰበቃ ቀይሪ። ሮቦቱን ከመነሻው ትንሽ አዙረሽ አስነሺው። ደጋግመሽ አስኪጂና ስንቴ እንደተሳካ፣ ያልተሳካው ደግሞ በምን ምክንያት እንደሆነ ጻፊ። አንዳንድ ውድድሮች የሚጠቀሙት መድረክ ይህን ለመቀየር አይፈቅድም፤ ያንቺም እንደዚያ ከሆነ ዌቦትስ የሚባለውን የሮቦት ሲሙሌተር አውርጂ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኮዱ ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይታዘዛል። የውድድሩን ኮድ ቀጥታ ባይቀበልሽም ሐሳቡን እዚያ እንደገና መሥራት ትችያለሽ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ የምትማሪው ያኔ ነው።

ሲቪሽ ላይ «በሲሙሌሽን» የሚለውን ቃል አትደብቂው፣ ፊት ለፊት ጻፊው። ለምሳሌ፦ «በቨርቹዋል የሮቦቲክስ ውድድር የመንገድ ፍለጋ ኮዱን ጻፍኩ፤ ሴንሰሩ ሲሳሳትም ሮቦቱ እንዳይጠፋ አድርጌ አሻሻልኩት።» እዚህ ላይ «ጻፍን» አትበይ። ቡድኑ የሠራው ሌላ፣ አንቺ የሠራሽው ሌላ፤ ቀጣሪም ሆነ ስኮላርሺፕ ሰጪ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ስለ ብድሩ ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ፦ አትንኩት። ለአንድ ውድድር ተብሎ ቤት ዕዳ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። ያ ቡድን በእርግጥ ኮድሽን ፈልጎ ከሆነ ወጪሽን ራሱ ይሸፍን፤ ካልሸፈነ የፈለገው ወጪ የሚጋራውን ሰው ነው። በአካል መሥራት ጥቅም የለውም አላልኩም፤ ብሎን ማጥበቅና የተቃጠለ ሞተር ማሽተት ከስክሪን አይገኝም። ግን አንድ ያገለገለ አርዱዊኖ ቦርድ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና ሁለት ትናንሽ ሞተር ተውሰሽም ሆነ ከጓደኞችሽ ጋር ተጋርተሽ ብታገኚ፣ ከላይ ያልኩሽን የጎን መጎተት በአንድ ቅዳሜ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

አባትሽ ጌም ነው ሲሉ ተሳስተዋል፤ የፈሩት ግን ውጤትሽ እንዳይወርድ ነው፣ እሱ ፍርሃት ደግሞ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ክርክሩን ተዪው። የውድድሩን ሰዓት በሳምንት ውስጥ ለይተሽ አሳውቂያቸውና ከዚያ አትለፊ። አንድ ቀን አጠገብሽ አስቀምጫቸውና ሮቦቱ ለምን ግድግዳ እንደገጨ ከኮዱ ላይ አሳዪያቸው። ውጤትሽ በእርግጥ ከወረደ ግን ውድድሩን ቀንሺ፤ ፊዚክስና ሒሳብ የሌለው ሮቦቲክስ የትም አያደርስሽም።

ሜካኒካል ልግባ ወይስ ሶፍትዌር ላልሽው፣ ዘንድሮ መወሰን የለብሽም። እኔን ከጠየቅሽኝ መሀላቸው ያለውን፣ ኮንትሮል የሚባለውን፣ ማሽን በፕሮግራም የሚታዘዝበትን ትምህርት እዪው፤ ግን ከላይ እንዳልኩሽ እኔ ከዚያ ሰፈር ነኝ። ሰርተፍኬቱን ደግሞ ፋይል ውስጥ ክተቺው፣ በቃ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ኮዱን ጊትሀብ ላይ ማውጣትሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውድድሩ ሳያልቅ አታውጪው። ሌላ ቡድን ይገለብጠዋል፣ ደንቡም ሊከለክል ይችላልና አንብቢው። ሲያልቅም አብረውሽ የጻፉትን ልጆች አስፈቅጂ፣ የትኛውን ክፍል ማን እንደሠራም እዚያው ላይ አስፍሪ። የሙከራ መዝገብሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ኢንተርቪው ላይ የሚጠይቁሽን ጥያቄ እኔ አስቀድሜ እጠይቅሻለሁ።