ኢንተርኔት መለካት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ደሴ ነው ያለሁት። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ረዳት መምህር ሆኛለሁ። ማስተርሴን በኢንተርኔት ልኬት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ኔትወርኩ የት ጋ ይዘገያል፣ ምን ይዘጋል፣ አፖች ስለኛ ምን ይሰበስባሉ የሚለውን። ጓደኞቼ «ሶፍትዌር ብትሠራ ይሻልሃል» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ኢንተርኔት በሜትር ነው የሚለካው?» ብላ ሳቀችብኝ። ውድ ዕቃ የለኝም። ካልተሰደድኩ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ አብሽር። ከሁሉም የእናትህ ጥያቄ ይሻላል፣ ከሱ እንጀምር። የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ 800፣ ስለዚህ 4 ሚሊ ሰከንድ። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር በ150 ከመለሰልህ አንድ ነገር አለ፤ ወይ መስመሩ ተጨናንቋል፣ ወይ ጥያቄህ ውጭ አገር ዞሮ ነው የመጣው። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው በፒንግ (ምላሹ የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው) እና በትሬስራውት (ጥያቄህ የሄደበትን መንገድ የሚያሳይ ነው)፣ ቀንም ሌሊትም፣ ለሳምንታት ደጋግመህ ስትለካ ነው። ላፕቶፕና ትዕግሥት ይበቃሃል።

ሌላውም ነፃ ነው። ኡኒ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው፣ ስልክ ላይ ተጭኖ የተዘጋ ድረ ገጽ ካለ ይፈትሽና ውጤቱን ለሁሉም ክፍት ያደርጋል። ያንን ዳታ አሜሪካ ያለ ፕሮፌሰርም ያገኘዋል። ልኬቱ የተቋረጠ ቀን ደሴ መብራት ጠፍቶ ይሁን መስመር ተቆርጦ ግን ከየት ያውቃል? አንተን ይጠይቃል እንጂ።

አሁን ትንሽ ላስፈራራህ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲግኮም በሚባለው ትልቅ ጉባኤ ኢንኮር የሚባል ጥናት ቀርቦ ነበር። አንድ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው ብራውዘር፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ሊታገዱ የሚችሉ ገጾችን ለመክፈት እንዲሞክር ያደርጋል። ኮሚቴው ጽሑፉን ያወጣው የሥነ ምግባር ቅሬታውን ከላዩ ለጥፎ ነው። እኔ ብሆን ጭራሽ አላወጣውም ነበር፤ ጣጣው የሚደርሰው ተመራማሪው ላይ ሳይሆን የብራውዘሩ ባለቤት ላይ ነዋ! ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አፕ ስትጭን ምን እንደሚሞክር፣ ያንንም ኔትወርክ አቅራቢው ሊያየው እንደሚችል ቁጭ ብለህ አስረዳው። ካመነታ ተወው።

የፖሊሲው በር ደግሞ አሁን ተከፍቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግን አንድ አፕ የሰው ስልክ ቁጥር ሳያስፈቅድ ለሌላ እየላከ መሆኑን ትራፊኩን፣ ማለትም ከስልኩ የሚወጣውን ዳታ፣ ይዞ የሚያሳይ ሰው ከሌለ አዋጁ ምን ይዞ ይከራከራል? የማስተርስ ርዕስህ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። ሰው በብዛት የሚጠቀምባቸውን አሥር አፖች ያዝና የገዛ ስልክህ ላይ ጀምር።

ደሞዙን በተመለከተ ጓደኞችህ አልዋሹም፣ ሶፍትዌር ይሻላል። ለፒኤችዲ ውጭ ብትሄድም ከደሴ የለካኸውን ይዘህ ሂድ፤ እዚያ ማንም የለውም።

ለእናትህ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነኝ በላቸው፣ ቤት ለቤት የማይዞር።