የብስክሌት መስመሩ የመደብሬን በር ይዘጋብኛልን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ወደ ሳቢያን በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ የእህልና የሸቀጥ መደብር አለኝ። በቅርቡ በተደረገ የነዋሪዎች ውይይት በመንገዱ ዳር የብስክሌት መስመር ለመሥራት እንደታሰበ ተነግሮናል። ይሁን እንጂ ዕቃ የሚያራግፍልን አይሱዙ የት እንደሚቆም፣ ደንበኛ የያዘ ባጃጅም የት እንደሚያወርድ ያስረዳን የለም። ጎረቤቶቼ የኒሙ ዛፍ ይቆረጣል፣ ጎርፉም ወደ በራችን ይዞራል ብለው ሰግተዋል። በቀትር አንድ ብስክሌት በማይታይበት ከተማ ይህ ለማን ነው የሚሠራው? የተቃውሞ ፊርማ ላይ ስሜን ላስፍር?

መልስ፦ ከመፈረምዎ በፊት ንድፉን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። መንገዱ ከወዲህኛው ግንብ እስከ ወዲያኛው ግንብ ለእግረኛ፣ ለብስክሌት፣ ለመኪናና ለውሃ መውረጃ በስንት በስንት ሜትር እንደተከፋፈለ የሚያሳየው ወረቀት ካልቀረበ፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚከራከረው በሐሳቡ በሣለው መንገድ ላይ ነው።

በንድፉ ላይ በመጀመሪያ ስፋቱን ይመልከቱ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚነዳበት መስመር ሁለት ሜትር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለሚነዳበት ሦስት ሜትር ያህል የተለመደ ልክ ነው። አንድ ባጃጅ ወርዱ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በነጭ ቀለም ብቻ የተሰመረ የሁለት ሜትር መስመር ለባጃጅ የተዘጋጀ ማቆሚያ ይሆናል፤ በድሬ ደግሞ ባጃጅ ክፍት ቦታ አይቶ የሚያልፍበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ መስመሩ ከመኪናው መንገድ በጠርዝ ድንጋይ መለየት፣ በመግቢያዎቹም ላይ በመካከላቸው 1.2 ሜትር የሚተው አጫጭር ምሰሶዎች መተከል ይኖርባቸዋል። በዚህ ክፍተት ብስክሌትና የአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ያልፋሉ፤ ባጃጁ ግን አያልፍም።

ስለ ማራገፊያው ያነሡት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም መስመሩን መሰረዝ አይደለም። የማራገፊያና የማውረጃ ቦታው በመስመሩና በመኪናው መንገድ መካከል እንዲሆን ይጠይቁ፤ መኪናው እዚያ ከቆመ ኩንታሉ መስመሩን ተሻግሮ ለመግባት ጥቂት እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። ለዚህ የሚበቃ ስፋት ከሌለ ማለዳ ላይ የተወሰነ የማራገፊያ ሰዓት እንዲፈቀድ፣ ወይም በመስቀለኛው መንገድ መግቢያ ላይ የጋራ ቦታ እንዲከለል ማመልከት ይቻላል። አይሱዙው ስንት ሰዓት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ከጎረቤቶችዎ ጋር መዝግባችሁ ብታቀርቡ፣ ከብዙ ፊርማ ይልቅ ያ ዝርዝር መሐንዲሱን ያነጋግረዋል።

የጎርፉ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ያደረሰውን ጥፋት ለድሬ ሰው ማስታወስ አያሻም፤ ከዚያ ያነሰው የየዓመቱ ዝናብም ቢሆን ደለሉን መንገድ ላይ አስተኝቶ ይሄዳል። ያለ ክፍተት የተዘረጋ ጠርዝ ድንጋይ ውሃውን እንደ ግድብ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በየጥቂት ሜትሩ ማስተላለፊያ መተው፣ ቦዩንም ከዝናብ በኋላ የሚጠርገው አካል ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ደለል የተኛበት መስመር ብስክሌት ያንሸራትታል፤ ነጂውም ተመልሶ ወደ መኪናው መንገድ ይወጣል፤ ያኔ ገንዘቡ ባክኗል ማለት ነው።

በቀትር ብስክሌት አለመታየቱን ግን እንደ ማስረጃ አንቀበለውም። በዚያ ሰዓት በድሬ እግረኛውም ጥላ ፍለጋ ይሸሻል፤ የርስዎ መደብርም ቢሆን በዚያ ሰዓት ገበያው ቀዝቀዝ ሳይል አይቀርም። መቆጠር ያለበት ማለዳ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሥራ የሚሄደው፣ አመሻሽ ላይም የሚመለሰው ነው። ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በአብዛኛው ሜዳ ሆኖ መቀመጡ ለብስክሌት ያደላል፤ ፀሐዩ ግን አያደላም። በዚህ ምክንያት ኒሙን ቆርጦ የብስክሌት መስመር መሥራት ራሱን የሚያፈርስ ሥራ ነው፤ መስመሩ ዛፉን ዞሮ ቢያልፍ፣ እዚያች ቦታ ላይም ትንሽ ቢጠብ ይሻላል።

እነዚህን ነጥቦች በጽሑፍ አድርገው ለቀበሌው ያስገቡ፤ ግልባጩ ላይም የተቀበሉበትን ቀን አስመትተው ያስቀምጡ። ንድፉን ለማሳየት እምቢ ካሉ፣ ወይም አሳይተው ማራገፊያውን፣ ማስተላለፊያውንና ዛፉን ከዘነጉ፣ በዚያን ጊዜ ይፈርሙ።