መልስ፦ ሳም ስፔድ በእርግጥ አይፈራምን?

ውድ ጠያቂ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው «የማልታው ጭልፊት» ፊልም የግል መርማሪው ሳም ስፔድ በታጣቂዎች ፊት ሳይቀር የሚቀልደው ፍርሃት ስለማያውቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ግን ቀልዱ የሥራ መሣሪያው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተቆጣ ሰው አፉን መግታት ስለሚሳነው፣ ስፔድ በሆቴሉ አዳራሽ ወጣቱን ታጣቂ ዊልመርን ሆን ብሎ በነገር ይወጋዋል። የታሪኩ ደራሲ ዳሺየል ሃሜት ራሱ በመርማሪነት የሠራ ሰው ስለነበር ይህን ብልሃት አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ስለ ፍርሃቱ ከሆነ፣ የዊልመር አለቃ በሆነው በጉትማን ክፍል የሚቆጣበትን ትዕይንት እባክዎ ደግመው ይመልከቱት። ስፔድ ጮኾ፣ ዝቶና በሩን በኃይል ዘግቶ ከወጣ በኋላ በመተላለፊያው ላይ ፈገግ ይላል፤ ወዲያውም እጁን ሲመለከተው ይንቀጠቀጣል። ስፔድን ሆኖ የተወነው ሃምፍሪ ቦጋርት ይህን ሁሉ ያለ አንዲት ቃል ማሳየቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።