በብርዱ ወራት ከቤት ሆናችሁ ፈረስ ለምትመዝኑ ወገኖቼ

ባለፈው እሑድ ማለዳ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ከሜሪላንድ ደውሎ፣ በረዶው መንገዱን ስለዘጋው ቅዳሜን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በስልኩ የፈረስ እሽቅድድም ሲወራረድ እንደዋለ፣ በዘጠኝ ውድድር ዘጠኝ ጊዜ ገንዘብ እንዳስቀመጠና ከአንዱም እንዳልቀናው እየሳቀ ነገረኝ። ሳቁን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት ስቄዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእርሱና እንደ እርሱ ላላችሁ ሁሉ ነው።

እኔ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ 19 ዓመት ኖሬ ወደ ባሕር ዳር የተመለስኩ ሰው ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሲሆን፣ በረዶ በጣለ ቀን ቤታችሁ ቆዩ እንባል ነበር። በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የሚገኘው፣ በ1911 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሎረል ፓርክ በብርዱ ወራትም ያወዳድር ስለነበር፣ እኔም ሻዬን አፍልቼ የውድድር ፕሮግራሙን መዘርጋት ለመድኩ። ዛሬ ቤቴ ጣና ዳር ነው። እናንተ ክረምት የምትሉት ጥር ለእኛ በጋ ነው፤ የሰዓቱ ልዩነት 8 ሰዓት በመሆኑም፣ እዚያ ከቀትር ጥቂት አለፍ ብሎ የሚጀምረው የመጀመሪያው ውድድር እኔ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ሆኜ የምወራረድበት ሒሳብ የለኝም፤ ያለኝ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። የሚያስገርመው ግን ፈረስ መመዘን በደንብ የገባኝ ገንዘብ ማስቀመጥ ካቆምኩ በኋላ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ምክሬ የመጀመሪያውን ክረምታችሁን በደብተር ብቻ እንድታሳልፉ ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ከእቁብ ልጀምር። እቁባችን ውስጥ አሥር ሰው መቶ መቶ ቢያዋጣ፣ ዕጣ የደረሰው ሰው አንድ ሺሕ ይወስዳል፤ ተራው እስኪዞርም ማንም ካዋጣው አይጎድልበትም። በአሜሪካ የፈረስ ውርርድ የሚሠራበት፣ ጆሴፍ ኦለር የተባለ ሰው በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የጀመረው ሥርዓትም ገንዘቡን ከተወራራጆች ሰብስቦ ላሸነፉት ስለሚያከፋፍል ከሩቅ ሲያዩት እቁብ ይመስላል። ልዩነቱ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ዳኛው ድርሻውን ቆርጦ ማስቀመጡ ነው። አሸናፊውን ብቻ በሚገምት ቀላል ውርርድ ከ15 እስከ 18 በመቶ ገደማ ይቆረጣል፤ ሁለትና ሦስት ፈረሶችን በቅደም ተከተል በሚያስገምተው ውርርድ ደግሞ ቅናሹ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ ይበልጣል፤ ከተረፈውም ላይ ሽርፍራፊ ሳንቲሙ ወደ ታች ይጠጋጋል። 100 ዶላር ይዞ የገባና ችሎታው ከሕዝቡ የማይበልጥ ሰው፣ የተመለሰለትን ሁሉ እያገላበጠ በአምስት ውድድር ላይ ቢያስቀምጥና በእያንዳንዱ 18 በመቶ ቢቆረጥበት፣ በአማካይ እጁ ላይ የሚቀረው 37 ዶላር ገደማ ነው። ወዳጄ ዘጠኝ ጊዜ ነው ያስቀመጠው። ዕድሉ አልነበረም የጎዳው፤ እያንዳንዱን ውድድር መንካቱ ነው።

የራሴን ጉዳት ሳልናገር ባልፍ ምክሬ ሙሉ አይሆንም። አንድ ዓመት ጥር ላይ፣ ለእናቴ ቤት የቆርቆሮ መቀየሪያ ብዬ ያጠራቀምኩትን 1,400 ዶላር በሁለት ቅዳሜና እሑድ ጨረስኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቴም «ዘንድሮ ሥራ ቀዝቅዟል» አልኳት። ሐምሌ ሲገባ ስደውልላት ከበስተጀርባዋ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኝ ነበር፤ እርሷ ግን ስለ ጣሪያው አንድም ቃል ሳታነሣ «ዝናቡ በረታ ልጄ፣ እህሉ ያምራል» ትለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አገር ቤት የሚላክን ገንዘብ፣ የቤት ኪራይንና የእቁብ መዋጮን ከጨዋታ ገንዘብ ጋር በአንድ የባንክ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጬ አላውቅም። እናንተም በአንድ ላይ አታስቀምጡ።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልግባ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በብርዱ ወራት የሣር ላይ ውድድር ስለሚቆም የሚሮጠው በአፈር መም ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በሞቃቱ ወራት ያሸነፈው ሁሉ በሣር ላይ የሆነ ፈረስ ጥር ላይ በአፈር መም ሲቀርብ፣ የቀድሞ ድሉን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩለት። ሻል ያሉት ፈረሶች ብዙዎቹ ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ኒው ኦርሊንስ ወይም ወደ ካሊፎርኒያ ስለሚሄዱ፣ በሰሜን በቀሩት መካከል መካከለኛ የነበረው ፈረስ በድንገት ጎበዝ መስሎ ይታያል። ዝናብ ሲጠበቅ የመሙ ሠራተኞች ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ አፈሩን ደምድመው ይጠቀጥቁታል፤ ያን ጊዜ ውኃው ከላይ ተንጣልሎ ቢታይም ከታች ያለው ጠንካራ ስለሆነ ፈረሶቹ ፈጥነው ሊሮጡ ይችላሉ። በማግስቱ መድረቅ ሲጀምር ግን አፈሩ እንደ ተቦካ ጭቃ እግር የሚይዝና የሚያደክም ይሆናል። ከሶፋ ላይ ሆኖ ይህን ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ውድድሮች ሳትወራረዱ መመልከትና ከፊት የወጡት እየዘለቁ ነው ወይስ መጨረሻው ላይ እየቀለጡ ነው ብሎ መመዝገብ።

ሌላም የክረምት ነገር አለ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የተወለደ የእሽቅድድም ፈረስ ሁሉ፣ በሚያዝያ ይወለድ በየካቲት፣ ዕድሜው የሚጨምረው በፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን ነው። በዚህ ምክንያት በዚያ ቀን «ሦስት ዓመት ሞላው» የሚባለው ፈረስ በእውነቱ ገና ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሊሆን ይችላል። ከአንድ ወር በፊት በእኩዮቹ መካከል ጥሩ የሮጠ ለጋ ፈረስ፣ ከጠነከሩ የአራትና የአምስት ዓመት ፈረሶች ጋር ሲገባ ብትጠነቀቁ አትሳሳቱም።

የፍጥነቱን አከፋፈል ለሐበሻ ማስረዳት አይከብድም፤ የ10,000 ሜትር ሩጫ እያየን ያደግን ነንና። በሲድኒ በ2000 እ.ኤ.አ. ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ቀድሞ ሲገባ፣ ውሳኔው ያረፈው መጨረሻው ላይ ነበር። በአፈር መም ላይ በሚደረግ የ1,200 ሜትር የፈረስ ሩጫ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ይገለበጣል፤ ጭቃውን ወደ ኋላ የሚረጨው ፊት ያለው ነው፣ የሚቀበለው ደግሞ ከኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ስታነቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ማን ፈጣን እንደሆነ ሳይሆን ስንት ፈረሶች ፊት ለመውጣት እንደሚፈልጉ ይሁን። ፊት መምራት የሚወድ አንድ ብቻ ከሆነ ተረጋግቶ ይሄዳል፤ ሦስት ከሆኑ እርስ በርሳቸው ይጨራረሳሉ፤ የምሩጽ ይፍጠር ዓይነቱ፣ ተደብቆ ቆይቶ የሚፈተለከው ፈረስ የሚጠቅማችሁም ያን ጊዜ ነው። የቀድሞ ውድድሮችን ቪዲዮ ስታዩ ደግሞ ጥምዝ ላይ በውጭ በኩል የሮጠውን አስተውሉ። ከውስጠኛው አጥር አንድ ሜትር ርቆ ግማሽ ክብ የዞረ ፈረስ ከሦስት ሜትር በላይ ጨምሮ ሮጧል፤ ይህም ከአንድ ፈረስ ቁመት ይበልጣል። በወረቀቱ ላይ «በአንድ ቁመት ተቀድሟል» ተብሎ የተጻፈው ፈረስ ምናልባት ከአሸናፊው የተሻለ ሮጦ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ግን ፈረሶቹ በተወሰነ ዋጋ ለሽያጭ በሚቀርቡበት ውድድር ላይ ነው። በብርዱ ወራት ከሚደረጉት ውድድሮች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ባለ ፈቃድ የሆነ ሰው ከሩጫው በፊት በጽሑፍ ካመለከተ በተባለው ዋጋ ፈረሱን መግዛት ይችላል። ባለቤቱ በመከር በ25,000 ዶላር የገዛውን ፈረስ ጥር ላይ በ10,000 ሲያቀርበው፣ ተወራራጁ «ከደካሞች ጋር ገባ፣ ያሸንፋል» ብሎ ይሮጣል። ወገኖቼ፣ በሰኔ፣ እርሻው በሚጣደፍበት ጊዜ፣ አንድ ገበሬ ጥሩ የእርሻ በሬውን በግማሽ ዋጋ ገበያ ቢያወጣው ትገዛላችሁን? መጀመሪያ ሰኮናውን ታያላችሁ፣ ጥርሱን ትቆጥራላችሁ፣ ከዚያም ጎረቤቱን ትጠይቃላችሁ። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ለምን ያህል ጊዜ ሳይሮጥ ቆየ፣ ልምምዱስ ተቋርጦ ነበርን ብላችሁ ጠይቁ። አሰልጣኙ ርካሽ አድርጎ ማሸነፍ የሚወድ ሰው መሆኑን የቀድሞ መዝገቡ ካሳየ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ እንዲህ ያሉ አሰልጣኞች አሉ።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ የምትጽፉት የአሸናፊውን ስም ሳይሆን ዋጋውን ነው። በውርርድ ሰሌዳው ላይ ያለውን ኦድ፣ ማለትም ለአንድ ዶላር የሚከፈለውን ትርፍ፣ ሳታዩ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ፈረስ ከመቶ ስንት ዕድል እንደምትሰጡት ጻፉ፤ ድምሩም መቶ መሆን አለበት። ይህን መቶ ማድረስ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ደብተሬን ስጀምር የሰጠኋቸው ዕድሎች ሲደመሩ 140 ይሆኑ ነበር፤ ሁሉንም ፈረስ እወዳቸው ነበርና። ከአራት አንድ ጊዜ ያሸንፋል ያላችሁት ፈረስ ትክክለኛ ዋጋው ለአንድ ዶላር ሦስት ዶላር ትርፍ ነው። ሰሌዳው ሁለት ቢሰጣችሁ ፈረሱን ብትወዱትም ተዉት፤ አምስት ቢሰጣችሁ ብቻ ስለ ገንዘብ ማሰብ ይቻላል። ብዙ ገንዘብ የሚቀመጥበት ፈረስ ከሦስት ውድድር አንዱን ገደማ ያሸንፋል፤ እርሱን ብቻ እየተከተለ የሚወራረድ ሰው ግን ቀስ ብሎ ይከስራል፤ ዋጋው ዝቅ ብሏልና። ዋጋው ከፍተኛ ስለሆነ ብቻ የማይረቡትን የሚከተልም ይብስበታል። በፕሮግራሙ ላይ የታተመው የማለዳ ኦድም ትንቢት አይደለም፤ የሜዳው ሠራተኛ «ሕዝቡ እንዲህ ይወራረዳል» ብሎ የገመተው ነው። ደግሞም የምታዩት ዋጋ የመነሻው በር ከተከፈተ በኋላ እንኳ ሊወርድ ይችላል፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ የገባው ገንዘብ ተደምሮ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። እንግሊዝ አገር ያላችሁ በዚህ በኩል ትሻላላችሁ፤ አወራራጁ የሰጣችሁን ዋጋ ከተቀበላችሁ ያው ይጸናል፤ ነገር ግን የሁሉንም ፈረሶች ዕድል ከዋጋቸው አስልታችሁ ብትደምሩ ከመቶ በላይ ይመጣል፤ ትርፉ የርሱ ድርሻ ነው።

ስለ ውስብስቦቹ ውርርዶች ብዙ አልልም። አራት ፈረሶችን መርጦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በማንኛውም ቅደም ተከተል መያዝ 24 ቲኬት ነው፤ በ50 ሳንቲም ቢሆን እንኳ 12 ዶላር ይሆናል፤ ቅናሹም እንደነገርኳችሁ ከባድ ነው። ለመዝናናት በዓመት አንድ ቀን ይበቃል።

ስልኩን በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልችልም። ድሮ ለመወራረድ መኪና ከበረዶ ማውጣት፣ መንዳት፣ በመስኮቱ መሰለፍ ነበረበት፤ ያ ድካም ራሱ ብዙ ሞኝነት ያስቀር ነበር። አሁን ጣታችሁ ብቻ ነው የሚደክመው፤ የሎረሉ ሲያልቅም የካሊፎርኒያው ይጀምራል። ሒሳብ ስትከፍቱ በሳምንት ሊገባ የሚችለውን ገንዘብ በዚያው ቀን ወስኑት፤ ድርጅቶቹ ይህን የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው። በሌላ ሰው ስም አትክፈቱ፤ አገር ቤት ላለ ዘመድም አትወራረዱለት፤ በምትኖሩበት ግዛት መፈቀዱንም አረጋግጡ። ከሚስት ወይም ከባል መደበቅ የጀመራችሁ ዕለት ጉዳዩ ከፈረስ አልፏል፤ አሜሪካ ላላችሁ በ1-800-426-2537 ደውሎ ማማከር ይቻላል፤ ማፈር የለበትም።

«እኛ ፈረስ የምናውቅ ሕዝብ ነን» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ስትወርዱም በጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ያከብራሉ። እኔም አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ፤ ያጌጠ ፈረስ ሲያልፍ ልብ ይነጥቃል። ይህ ዓይን ግን ሰሌዳው ፊት አላዳነኝም። ዳማ ፈረስ ስለምወድ ብቻ በዳማ ላይ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ብሰበስበው ከጣሪያው አልፎ አጥሩንም ይሠራ ነበር።

ትናንት ማታ በሰባተኛው ውድድር ላይ አንድ ፈረስ ከመቶ 30 ዕድል ሰጥቼው ነበር፤ በደብተሬ ስሌት ለአንድ ዶላር ከሁለት ዶላር ከሠላሳ ሦስት ሳንቲም በላይ ትርፍ ካልተሰጠ የማይነካ ማለት ነው። ፈረሶቹ ወደ መነሻው በር ሲገቡ መብራት ጠፋ፤ የሰፈሩም ኔትወርክ አብሮ ሄደ፤ እኔም ተኛሁ። ጧት የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ያ ፈረስህ አሸነፈ» ብሎ ውጤቱን በስልኩ አሳየኝ፤ የተከፈለው ትርፍ ለአንድ ዶላር አንድ ዶላር ከአርባ ሳንቲም ነበር። በደብተሬ ላይ ከፈረሱ ስም አጠገብ «አይነካም ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

ወዳጄ ለመጪው ቅዳሜ «አንድ ፈረስ ንገረኝ» ብሎኝ ነበር። የዘጠኙንም ውድድር ዋጋ ራሱ ጽፎ፣ ሰሌዳው ሳይከፈት በፊት ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ዛሬ ለሙከራ የስድስቱን ልኮልኛል፤ የሦስቱን አልገባኝም ብሎ ባዶ ትቷቸዋል። ከስድስቱ የአራቱ ድምር ከ100 ያልፋል፤ ቀይ እስክርቢቶ ይዤ እያረምኩለት ነው።